ረቡዕ ጠዋት ኢሜይል እምቢ ሲል ሠራተኛ አትቆጡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። የምተዳደረው በኮምፒውተር ጥገና ነው። ሥራውን ከጀመርኩ 21 ዓመት ሆነኝ። ድሮ ፒያሳ ነበርኩ፤ አሁን መገናኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ደንበኞቼ ትልልቅ ድርጅቶች አይደሉም። ትራንዚተሮች፣ የጠበቃ ቢሮዎች፣ ሁለት አስመጪዎች፣ አንድ ክሊኒክ። አምስት ወይም ስምንት ኮምፒውተር ያላቸው፣ የራሳቸውን የአይቲ ሰው መቅጠር የማይችሉ ቤቶች ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ረቡዕ የተደወለልኝ ስልክ ነው። ደዋዩ የአንድ ጠበቃ ቢሮ ባለቤት ነው። ሰላምታ በቅጡ ሳንለዋወጥ «ይሄን አፕዴት የምትሉትን ነገር ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ አጥፋልኝ። ዳግመኛ እንዳይመጣ አድርገህ አጥፋው» አለኝ። ቢሮው ውስጥ አንዲት አዝራር አለች። ከደንበኛ የመጣ ኢሜይል ላይ ስትጫናት መልእክቱን በቀጥታ ወደ መዝገቡ ፎልደር ትወስደዋለች። ማክሰኞ ማታ ነበረች፣ ረቡዕ ጠዋት የለችም። ጸሐፊዋ የዕለቱን ቀጠሮ ሰነዶች በእጅ ስትፈልግ ሦስት ሰዓት አለፈ።

ንዴቱ ገባኝ። ግን ያለኝን አላደረግኩም። ምክንያቴን በስልክ ላስረዳው ሞክሬ አልሆነልኝም። እዚህ ልሞክር።

መጀመሪያ ረቡዕ የሚለውን ቀን ልብ በሉልኝ። ማይክሮሶፍት የደኅንነት ማስተካከያዎቹን፣ አፕዴት የምንላቸውን፣ የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ነው። እነሱ ጋ ረፋድ ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ቢሮ ተዘግቷል። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ካደረ ሌሊቱን ይጭነዋል። መብራት ሄዶ ከሆነ ወይም ኔትወርኩ ከደከመ ደግሞ ሐሙስ ይጭነዋል፣ አንዳንዱም በሳምንቱ። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ የአንዷ ኢሜይል ይሠራል፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ይበላሽባታል። ያን ጊዜ ጥያቄው ይመጣል። «የሷ እየሠራ ያንቺ ለምን ተበላሸ? ምን ነካሽ?»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ጥያቄ ነው።

በ2014 ዓ.ም ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ የትራንዚት ቢሮ ተጠራሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። መስኮቱ ሥር ዳንቴል የለበሰ ትልቅ ስካነር አለ። ዲክላራሲዮኑን፣ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን ከላይ ታስገባለህ፣ አዝራሩን ትጫናለህ፣ ወረቀቱ ተነሥቶ በኢሜይል ለደንበኛው ይሄዳል። ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። ከሁለት ቀን ወዲህ ግን ወረቀቱን ያነሣና መላክ እምቢ ይላል። ባለቤቱ «ፓስወርዱን ማን ነካው?» ብሎ ቢሮውን አተራምሶታል። ጣት የተቀሰረው ከተቀጠረች ሦስት ወር ባልሞላት ልጅ ላይ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስካነሩ ጋ የታየችው እሷ ነበረች። እኔ ስደርስ ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አልነካሁም» አለችኝ። «አይዞሽ» አልኳት፣ ግን እኔም ገና አላወቅኩም ነበር።

መጀመሪያ የቢሮውን ጂሜይል በኮምፒውተር በዚያው ፓስወርድ ከፈትኩት። ወዲያው ገባልኝ። በዚህ ብቻ ልጅቷ ነጻ ወጣች። ፓስወርዱ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ እኔም አልገባም ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ጉግል ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ በግል የጂሜይል አካውንት ላይ በኢሜይል አድራሻና በፓስወርድ ብቻ የሚገቡ ሌሎች ፕሮግራሞችንና መሣሪያዎችን መቀበል አቁሟል። ስካነሩም ከእነሱ አንዱ ነው። ውሳኔው ተገቢ ነው። ፓስወርድ ብቻውን የሚበቃ ከሆነ አንዴ የሰረቀው ሌባ የፈለገበት ቦታ ተቀምጦ የቢሮውን ደብዳቤ ሲያነብ ይኖራል። ማስታወቂያውም አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። የወጣው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ቢሮው ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ መከታተል የማንም ሥራ አልነበረም።

መፍትሔው ከአንድ ሰዓት በታች ፈጀ። በባለቤቱ ስልክ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ አበራሁ። ከዚያ ጉግል ለአንድ መሣሪያ ብቻ የሚሆን ባለ 16 ፊደል ልዩ ፓስወርድ ይሰጣል። አራት አራት ፊደል ሆኖ ተከፋፍሎ ይታያል፣ መሀሉ ላይ ያለው ክፍተት አይቆጠርም። ያንን ስካነሩ ላይ በትንሿ ስክሪን፣ በቀስት እየሄድኩ፣ ፊደል በፊደል አስገባሁት። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ፊደሎቹን ታነብልኛለች። አንዱን ተሳስቼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። በሁለተኛው ስካነሩ ጢጥ አለ፣ የባለቤቱም ስልክ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። ወረቀቱ ደርሷል። ሰውየው ልጅቷን ጠርቶ ሁላችንም ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ይህን ሲያደርግ ያየሁት አለቃ ብዙ የለም፣ አክብሬዋለሁ። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያለቀሰችው ለምንድን ነው? አንድ ሰው አስቀድሞ በአማርኛ ሁለት መስመር ቢነግራቸው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር።

ሌላ ቢሮ ልውሰዳችሁ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም፣ ዝናቡ የበረታበት ሳምንት። እዚህ ቤት የተነሣው ወረቀት ከባድ ስለሆነ በኢሜይል አያያይዙትም። ቢሮው ውስጥ ባለ ሰርቨር፣ ማለትም ሁሉም በሚጋሩት ዋና ኮምፒውተር፣ ላይ ያስቀምጡና ሊንኩን ብቻ ይላላካሉ። ሊንኩ የተጻፈው በሰርቨሩ ስም አይደለም፣ በነጥብ በተለያዩት የኔትወርክ ቁጥሮች ነው። የድሮ ጠጋኛቸው እንዲህ አድርጎ ዘረጋው፣ እነሱም ለመዱት። አንድ ጠዋት አውትሉክ በተባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ሊንኩን ሲጫኑት ባልተጠበቀ ምክንያት መክፈት እንዳልተቻለ የምትናገር ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች፣ አለቀ። «ሰርቨሩ ሞቷል» ብለው ጠሩኝ። አንዱ እንዲያውም አዲስ ሰርቨር ስንት እንደሚያወጣ ጠይቆ ጨርሷል።

እኔ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ያንኑ አድራሻ ከኢሜይሉ ገልብጬ የፎልደሩ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ፎልደሩ ቁጭ ብሏል፣ ተከፈተ። እንግዲህ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ኔትወርኩም ደህና ነው። የተዘጋው ከኢሜይል ወደ ሰርቨሩ የምታሻግረው መንገድ ብቻ ናት። ማን ዘጋት? ማይክሮሶፍት ራሱ፣ አውቆ። በሐምሌ 4 ቀን 2015 ዓ.ም በወጣው የደኅንነት ማስተካከያ በቁጥር ወይም በሙሉ የኔትወርክ ስም የተጻፉ የሰርቨር ፎልደር ሊንኮች ከአውትሉክ እንዳይከፈቱ ተደርጓል። ክፉ ሰው በኢሜይል የላከው ሊንክ የማስጠንቀቂያውን መስኮት ዘሎ ሊያልፍ እንደሚችል ስለተደረሰበት ነው። ፕሮግራሙ የእናንተን ቁጥር ከሌባው ቁጥር የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሁሉንም ዘጋ። ይህን ሁሉ የድርጅቱ የእርዳታ ገጽ ላይ አስፍረውታል፣ መፍትሔውን ጭምር።

መፍትሔውም «ያ አድራሻ የእኔ ነው» ብሎ ለዊንዶውስ መንገር ነው። ኮንትሮል ፓኔል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ትረስትድ ሳይትስ። እዚያ የሰርቨሩን አድራሻ ታስገባላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ከታች ኤችቲቲፒኤስ የምትል ምልክት የተደረገባት ሳጥን አለች። እሷን ካላነሣችሁ አድራሻውን አልቀበልም ይላል። እኔም የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ሩብ ሰዓት የጠፋብኝ እሷ ላይ ነው። ስድስቱንም ጨርሼ ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አዲስ ሰርቨር አልተገዛም። አፕዴቱም ቦታው ላይ አለ። የተከፈተው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፣ የራሳቸው።

የጠበቃው ቢሮ ባለቤት እንዲገባው የፈለግኩት ይህን ነው። ከደኅንነት ማስተካከያ በኋላ አንድ ነገር መሥራት ሲያቆም ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ተዘግቷል። ጥያቄው ምን ተዘጋ፣ ለምን ተዘጋ፣ ከተዘጋው ውስጥ ለኔ የሚያስፈልገኝ የትኛው ነው የሚል ነው። ያንን ብቻ ትከፍታለህ። አፕዴቱን በሙሉ መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት መስኮት እንቢ አለች ተብሎ የግቢው አጥር አይፈርስም።

የአጥሩ ነገር የተጋነነ ለሚመስላችሁ ሁለት ቀኖች ልጥቀስ። የሚገርመው ሁለቱም መጋቢት 5 ናቸው። የመጀመሪያው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም ነው። በዚያ ማክሰኞ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ላይ የነበረ ትልቅ ቀዳዳ ደፈነ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ግንቦት 4፣ ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጦ ነበር። የተጎዱት ያልወሰዱት ናቸው።

ሁለተኛው መጋቢት 5 ቀን 2015 ዓ.ም ነው፣ ይህኛው በቀጥታ የኢሜይል ጉዳይ ነው። አውትሉክ የቀጠሮ ማስታወሻ ሲደርስ ድምፅ ያሰማል አይደል? ያንን የድምፅ ፋይል ከየት እንደሚያመጣው መልእክቱ ውስጥ መጻፍ ይቻል ነበር። አጥቂው የራሱን ሰርቨር አድራሻ ጽፎ ይልካል። አውትሉክ ድምፁን ሊያመጣ ሲሄድ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ከፓስወርዱ የተሠራውን ማረጋገጫ ለማያውቀው ሰርቨር አሳልፎ ይሰጣል። ተቀባዩ መልእክቱን መክፈት አይጠበቅበትም። ሊንክ መጫን አይጠበቅበትም። ኢሜይሉ መድረሱ ብቻ ይበቃል። ይህን ጥቃት ደርሶበት ያሳወቀው የዩክሬን መንግሥት የሳይበር ቡድን ነው። የተደፈነው በዚያ ማክሰኞ አፕዴት ነው። አፕዴት ያጠፋ ቢሮ ውስጥ ግን ቀዳዳው እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ጸሐፊዋ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ብትሆን ልታድነው አትችልም።

እኔም አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ። በ2009 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ አንድ አስመጪ ቤት እንዲሁ ተበሳጭተው «አጥፋልን» ሲሉኝ እሺ ብዬ በሰባቱም ኮምፒውተር ላይ አጠፋሁላቸው። ደንበኛ እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው። ግንቦት 4 ዓርብ ነበር። ማታ የዋናክራይን ዜና ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ በጠዋት ጥበቃውን አስከፍቼ ገባሁ፣ በኪሴ ኢንተርኔት እየሞላሁ አንድ በአንድ ስጭን እሑድ ማታ ጨረስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አልነካቸውም። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጠይቀኝ አላጠፋም።

በሙያችን ውስጥ ያለውን ችግርም መደበቅ የለብኝም። ኢሜይል ሲበላሽ ከብዙዎቻችን አፍ የሚወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። «ቫይረስ ገብቶበታል» እና «ፎርማት ይደረግ»። ኮምፒውተሩ ይወሰዳል፣ ይታጠባል፣ ክራክ የተደረገ (ያለፈቃድ የተሰበረ) ፕሮግራም ይጫንበታል፣ አፕዴቱ ይዘጋል። በማግስቱ ሁሉም ነገር ይሠራል። የቆየ ኢሜይል ጠፍቷል፣ ቢሮው አጥር የለውም፣ ግን ይሠራል። ደንበኛውም አመስግኖ ይከፍላል። ባልደረቦቼ እንዲቀየሙኝ አልፈልግም። ግን ለሥራ የሚውል ደብዳቤ እንዲህ አይያዝም።

በ2010 ዓ.ም እንቁጣጣሽ ማግስት፣ መስከረም 2፣ የወጣው አፕዴት አውትሉክ ውስጥ ሰዎች ራሳቸው የሚሠሯቸውን ቅጾች ኮድ እንዳይሠራ አድርጎ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት የፈቃድ መጠየቂያው በዚህ ዓይነት ቅጽ ነበር። ቅጹ ይከፈታል፣ ሳጥኖቹ አሉ፣ አዝራሩ ግን ሲጫኑት ዝም። ስሕተት እንኳ አያሳይም። ከእኔ በፊት የመጣው ጠጋኝ ሦስት ኮምፒውተር ፎርማት አድርጓል። ነገሩ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ የቅጽ ኮድን ፈቅዶ ቅጹን በስሙ የታመነ ብሎ መመዝገብ ብቻ ነበር።

ታዲያ ረቡዕ ጠዋት ኢሜይል እምቢ ሲል ምን ይደረግ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ አብዛኛውን ማንም ሊያደርገው ይችላል። ያንኑ ኢሜይል በስልክ ወይም በብራውዘር በዚያው ፓስወርድ ክፈቱት። እዚያ ከሠራ አካውንቱ ደህና ነው፣ ማንም ፓስወርድ አልነካም። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብታችሁ የአፕዴት ታሪክ የሚለውን ተመልከቱ። ትናንት ማታ የገባ ነገር ካለ ኬቢ (KB) ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ለጠጋኛችሁ ስትደውሉ «ኢሜይል ተበላሸ» ከማለት ቁጥሩን ብትነግሩት ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁለት። ኦፊስ ለብቻው የሚታደስበት ጊዜም ስላለ ፋይል የሚለውን ከፍታችሁ አካውንት ውስጥ ያለውንም ቁጥር እዩ። አውትሉክ ከሆነ ደግሞ የኮንትሮል ቁልፍን ይዛችሁ ክፈቱት፣ ሴፍ ሞድ (ያለ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ልክፈተው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። በሴፍ ሞድ ደህና ከሠራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአውትሉክ ሳይሆን እላዩ ላይ ከተጫነ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው።

አንዳንዴ አፕዴቱ ራሱ እውነተኛ ስሕተት ይዞ ይመጣል፣ አይካድም። ያን ጊዜ እኔም ያንን አንዱን ብቻ አነሣለሁ። ግን የምመልስበትን ቀን ግድግዳቸው ላይ ባለው ካሌንደር ላይ እጽፋለሁ፣ ከባለቤቱ ጋርም እንፈራረማለን።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁም አስቡበት። መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ኦፊስ 2016 እና 2019ም በዚያው ቀን። ብዙ ደንበኞቼ አሁንም እዚያው ናቸው፣ አዲስ ኮምፒውተር ዋጋው ስለማይቀመስ አልፈርድባቸውም። ግን መደበኛው አፕዴት ስለቆመ እነሱ ጋ ረቡዕ ጠዋት ምንም አለመበላሸቱ ደህና ናቸው ማለት እንዳልሆነ ይወቁት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ጋዜጣችሁ የውጭ ምንዛሪ ተመን ያወጣል፣ የጨረታ ማስታወቂያ ያወጣል፣ የሞት ዜና ያወጣል። በወር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ በሚወጣው እትም፣ ስምንተኛ ገጽ እንኳ ቢሆን ለዚህ ጉዳይ ስጡት። በዚህ ወር ምን ተዘጋ፣ ማንን ይነካል፣ የት ገብቶ ይስተካከላል። በአማርኛ፣ አለቃም ጸሐፊም አብረው እንዲያነቡት። የሚጽፍ ካጣችሁ እኔ በነጻ እጽፋለሁ። ለጠቀስኩት ልጅ ብዬም ቢሆን እጽፋለሁ። አሁን እዚያው ቢሮ የሰነድ ክፍል ኃላፊ ሆናለች፣ ስካነሩም እስካሁን በዚያች ባለ 16 ፊደል ፓስወርድ ይሠራል።

የጠበቃው ቢሮ ነገር እንዴት አለቀ ለምትሉ፣ ረቡዕ ከሰዓት ሄድኩ። በሴፍ ሞድ ስከፍተው አውትሉኩ ደህና ነው። አዝራሯ የተጨማሪ ፕሮግራም ናት፣ ፕሮግራሙ ከተጫነ አራት ዓመት አልፎታል፣ አንዴም ታድሶ አያውቅም። የሠሪዎቹ ገጽ ላይ አዲሱ ቅጂ ነበር። ስጭነው አዝራሯ ቦታዋ ላይ ተመለሰች። ባለቤቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነኝም። «እስከሚቀጥለው ወር ብቻ ይቆይ፣ ከዚያ ግን እንነጋገራለን» ብሎኛል። ተስማምተናል። የሚቀጥለው አፕዴት በወጣ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን ስትከፍት አጠገቧ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ